ክሬዲት ሲበላሽ የትኛው ካርድ ይሻላል? አሜሪካ ለምንኖር የንጽጽር መመሪያ

ከሁለት ዓመት በፊት፣ አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ አንዲት የሰፈራችን እህት ሦስት ፖስታ ይዛ ቤታችን መጣች። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቡናው እስኪፈላ ፖስታዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። አንደኛው «ያለ ምንም ዲፖዚት የ300 ዶላር ሊሚት ተፈቅዶልዎታል» ይላል፤ መያዣ ገንዘብ ሳያስይዙ እስከ 300 ዶላር መጠቀም ይቻላል ማለት ነው። ሁለተኛው 200 ዶላር ዲፖዚት የሚጠይቅ ሴኪውርድ (በመያዣ የሚሰጥ) ካርድ ነው። ሦስተኛው ሶፋና አልጋ የሚሸጥ መደብር የላከው ካርድ ነው። «የትኛውን ልሙላ?» አለችኝ።

ክሬዲቷ የተበላሸው ገንዘብ አባክና አይደለም። ለወንድሟ ልጅ የመኪና ብድር ኮሳይን አድርጋለት (አብራ ፈርማለት) ነበር። ልጁ ሥራ ሲያጣ ክፍያው ሦስት ወር ተቋረጠ። ከ700 በላይ የነበረው የክሬዲት ስኮሯ (ነጥቧ) 560ዎቹ ውስጥ ገባ። ፖስታው መጉረፍ የጀመረው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ ባለ ጊዜ የሚመጣ ሁሉ ደግ ይመስላል። አንዳንዱ በእርግጥ ይጠቅማል። አንዳንዱ ግን ከድጡ ወደ ማጡ ይከታል። ሁለቱን ለመለየት የረዳንን ነገር ሌላውም እንዲያገኘው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ካርድ ከመሙላታችሁ በፊት

መጀመሪያ ክሬዲታችሁ በምን እንደተበላሸ እወቁ። ካርድ የሚጠግነው አንዱን ጉዳት ነው፤ ሌላውን አይነካውም። አበዳሪዎች በብዛት የሚያዩት የፋይኮ ስኮር ከ300 እስከ 850 ይሄዳል። ከዚህ ውስጥ 35 በመቶው ቢላችሁን በሰዓቱ መክፈላችሁን ያያል። 30 በመቶው ያለባችሁን ዕዳ፣ በተለይ ከተፈቀደላችሁ ሊሚት ምን ያህሉን እንደተጠቀማችሁ ያያል። 15 በመቶው የአካውንቶቻችሁ ዕድሜ ነው። የቀረው 20 በመቶ በቅርቡ ለከፈታችሁት ብድርና ለብድራችሁ ዓይነት እኩል ይከፈላል።

ስለዚህ ችግራችሁ የሞሉ ካርዶች ከሆኑ አዲስ ካርድ አይደለም የሚያስፈልጋችሁ። ያሉትን መክፈል ነው። ችግራችሁ ያለፉ የክፍያ ቀኖች ከሆኑ ደግሞ በላያቸው ላይ አዲስ፣ ንጹሕ የክፍያ ታሪክ መደረብ አለበት። ካርድ የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። መጥፎው መዝገብ ራሱ ሰባት ዓመት ይቆያል። ቻፕተር ሰባት ባንክረፕሲ (ዕዳ መክፈል ያቃተው ሰው በፍርድ ቤት ከዕዳ የሚላቀቅበት) አሥር ዓመት ይቆያል። ግን እየራቀ በሄደ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል።

ሪፖርታችሁን የክሬዲት ታሪክ ከሚመዘግቡት ከሦስቱም ቢሮዎች፣ ከኢኩፋክስ፣ ከኤክስፔሪያንና ከትራንስዩኒየን፣ በየሳምንቱ በነጻ ማየት ትችላላችሁ። ትክክለኛው ድረ ገጽ አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ነው። ስሙን የሚመስሉ ሌሎች ስላሉ ስትጽፉት ተጠንቀቁ።

ሪፖርቱን በደንብ አንብቡት፤ በተለይ እኛ። ስማችን በእንግሊዝኛ በሁለትና በሦስት ዓይነት ይጻፋል። አንድ ቤት የሚኖሩ ወንድማማቾች የአባት ስማቸው አንድ ነው። በስደተኝነት የመጡ ብዙዎች ደግሞ ወረቀታቸው ላይ የልደት ቀናቸው ጃንዋሪ 1 ነው። የአንዱ ዕዳ ሌላው ሪፖርት ላይ ቢወጣ አይገርምም። የእናንተ ያልሆነ ነገር ካገኛችሁ ለቢሮው በጽሑፍ ተቃወሙ። ቢሮው አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ አጣርቶ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት። ለዚህ ለማንም አትከፍሉም።

የሐኪም ቤት ዕዳንም እዩ። ተከፍሎ ያለቀ የሕክምና ኮሌክሽን (ወደ ዕዳ ሰብሳቢ የተላለፈ ዕዳ) ከ2022 ጀምሮ፣ መጀመሪያ ከ500 ዶላር በታች የነበረው ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ከሦስቱም ቢሮዎች ሪፖርት ወጥቷል። አሁንም ተጽፎ ካገኛችሁት ይነሳልኝ በሉ።

በምን እንመዝን?

እኔና እህታችን ያን ዕለት አምስት ጥያቄ ወረቀት ላይ ጻፍን። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ጥያቄዎቹን ግን አልቀየርኳቸውም።

አንደኛ፣ ካርዱ ለሦስቱም ቢሮዎች ሪፖርት ያደርጋል? ለአንዱ ብቻ የሚያደርግ ካርድ ሥራውን በሲሶ ነው የሚሠራው። የቤት ብድር ሰጪ ብዙውን ጊዜ ሦስቱንም ስኮር አይቶ መካከለኛውን ነው የሚወስደው። ጭራሽ ሪፖርት የማያደርግ ከሆነ ወሬው አብቅቷል። ዴቢት ካርድና ፕሪፔይድ ካርድ እንዲህ ናቸው፤ ዕድሜ ልክ ብትጠቀሙባቸው ስኮራችሁን አያንቀሳቅሱም።

ሁለተኛ፣ ምንም ባትገዙበት በዓመት ስንት ያስወጣል? ዓመታዊ ክፍያ፣ ወርሃዊ ክፍያ፣ የማስከፈቻ ክፍያ፣ ሁሉም ይደመር።

ሦስተኛ፣ መውጫ አለው? ዲፖዚታችሁ መቼ ይመለሳል? ካርዱ ሳይዘጋ ወደ መደበኛ ካርድ ይለወጣል? ይህን ብዙ ሰው አይጠይቅም። እኔ ግን ከሁሉ በላይ የምጠይቀው ይህንን ነው። መውጫ የሌለው ካርድ ከዓመት በኋላ ወይ እየከፈላችሁ ታኖሩታላችሁ፣ ወይ ዘግታችሁ እንደገና ከዜሮ ትጀምራላችሁ።

አራተኛ፣ ለመግባት ምን ይጠይቃል? ዲፖዚት፣ ሶሻል ወይም አይቲን (ሶሻል ለሌለው የሚሰጥ የግብር ቁጥር)፣ የባንክ ሂሳብ፣ የክሬዲት ምርመራ። ለካርድ ስታመለክቱ የሚደረገው ምርመራ ሪፖርታችሁ ላይ ሁለት ዓመት ይቆያል። ፋይኮ የሚቆጥረው አንድ ዓመት ነው። ብዙ ባንኮች ግን ከማመልከታችሁ በፊት «ብቁ ነኝ ወይ?» ብላችሁ የምታዩበት ገጽ አላቸው። እሱ ስኮር አይነካም። ሁልጊዜ ከዚያ ጀምሩ።

አምስተኛ፣ ወለዱ ስንት ነው? ይህን መጨረሻ ያደረግኩት በምክንያት ነው። በየወሩ ሙሉውን ለሚከፍል ሰው 29 በመቶም 18 በመቶም ዜሮ ነው። የማይከፍል ከሆነ ግን 500 ዶላር በ29 በመቶ በወር 12 ዶላር ገደማ ወለድ ይበላል። «ስኮር የሚያድገው ትንሽ ባላንስ ሲተው ነው» የሚለው፣ ማለትም ጥቂት ዕዳ ሳይከፈል ይቅር የሚለው፣ ወሬ ሐሰት ነው። ብዙ ወገኖቻችን በዚህ ወሬ በከንቱ ወለድ ከፍለዋል። በሃይማኖት ምክንያት ወለድ መክፈል የማትፈልጉም ሙሉውን በሰዓቱ ከከፈላችሁ አንድም ሳንቲም ወለድ ሳትከፍሉ ክሬዲት መገንባት ትችላላችሁ።

ካሽ ባክን ከዝርዝሩ አውጥቼዋለሁ። 200 ዶላር ሊሚት ያለው ሰው በወር 60 ዶላር ተጠቅሞ 1.5 በመቶ ቢመለስለት 90 ሳንቲም ነው። በዚህ ካርድ አይመረጥም።

የባንክ ሴኪውርድ ካርድ

ዲፖዚት ታስይዛላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ ያንኑ ያህል ሊሚት ይሰጣችኋል። 200 ዶላር ካስያዛችሁ 200 ዶላር። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ዲፖዚቱ ቢል አይከፍልም። መያዣ ነው። ካልከፈላችሁ «አልከፈለም» ተብላችሁ ትጻፋላችሁ፣ በመጨረሻም መያዣውን ይወስዱታል።

መነሻው በአብዛኛው 200 ዶላር ነው። ያነሰም አለ። ካፒታል ዋን ለምሳሌ ለ200 ዶላር ሊሚት እንደ ሰዉ ሁኔታ 49፣ 99 ወይም 200 ዶላር የሚያስይዝ ሴኪውርድ ካርድ አለው። ትልልቆቹ ባንኮች ከሚያወጧቸው ብዙዎቹ ዓመታዊ ክፍያ የላቸውም፣ ለሦስቱም ቢሮ ሪፖርት ያደርጋሉ። ከስድስት ወር ገደማ በኋላ አካውንታችሁን እያዩ ዲፖዚቱን የሚመልሱ አሉ።

ድክመቱ ሁለት ነው። ወለዱ ከፍ ያለ ነው፣ 25 በመቶን የሚያልፍ ብዙ ነው። ደግሞም ሴኪውርድ ስለሆነ ሁሉም ይፈቀድለታል ማለት አይደለም። ያላለቀ ባንክረፕሲ ያለበት ሰው ሊከለከል ይችላል። ከዚህ በፊት ዕዳ ትታችሁበት የወጣችሁ ባንክም አይቀበላችሁ ይሆናል። ስለዚህ ባንኩን ስትመርጡ የቀድሞ ታሪካችሁንም አስታውሱ።

ዲፖዚት ለማስያዝ አቅም ካላችሁ ከ200 ይልቅ 500 ብታስይዙ እመክራለሁ። ምክንያቱን ስለ አጠቃቀም ስጽፍ ታዩታላችሁ።

የክሬዲት ዩኒየን ሴኪውርድ ካርድ

ክሬዲት ዩኒየን ባለቤቶቹ አባላቱ የሆኑ፣ እንደ ባንክ የሚሠራ ማኅበር ነው። እኔ በግሌ የማደላው ለዚህ ነው። በፌዴራል ፈቃድ የተቋቋሙ ክሬዲት ዩኒየኖች በካርድ ላይ ከ18 በመቶ በላይ ወለድ ማስከፈል አይችሉም። አንድ ወር ሙሉውን መክፈል ቢያቅታችሁ ጉዳቱ ይቀንሳል። ያስቀመጣችሁት ገንዘብም እንደ ባንክ እስከ 250,000 ዶላር ኢንሹራንስ አለው።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ሰው አለ። ቅርንጫፍ ገብታችሁ «የተበላሸው በዚህ ምክንያት ነው» ብላችሁ የምታስረዱት ሠራተኛ ታገኛላችሁ። በኮምፒውተር ብቻ ለሚወሰን ማመልከቻ ይህን ማስረዳት አይቻልም። በኋላ የመኪና ብድር ስትፈልጉም እዚያው ታሪክ አላችሁ።

አባል መሆን ግዴታ ነው። በሥራ ቦታ፣ በምትኖሩበት ካውንቲ፣ ወይም አባል በሆነ ቤተሰብ በኩል ይገባል። ብዙዎቹ 5 ዶላር ወይም ትንሽ ከፍ ያለ ገንዘብ ያለው የቁጠባ ሂሳብ ብቻ ይጠይቃሉ። የሆስፒታል፣ የትምህርት ቤት፣ የካውንቲ ሠራተኛ ከሆናችሁ በመሥሪያ ቤታችሁ በኩል የምትገቡበት ክሬዲት ዩኒየን ሊኖር ይችላል፤ ጠይቁ።

ጉድለቱ፣ አንዳንዶቹ ትንንሽ ስለሆኑ ዲፖዚት የመመለሱ ነገር በራሱ አይሄድም። ከዓመት በኋላ እናንተው ሄዳችሁ መጠየቅ አለባችሁ። ሪፖርት ለሦስቱም ማድረጋቸውንም አፍ አውጥታችሁ ጠይቁ።

ክሬዲት የማይመረምር ሴኪውርድ ካርድ

ሁሉም ቦታ ለተከለከለ ሰው የተሠራ ነው። ዲፖዚቱን ያስያዘ ያገኛል። በምላሹ ዓመታዊ ክፍያ አለው፣ 35 ዶላር የተለመደ ነው። አንዳንዱ መውጫ የለውም፤ ዲፖዚታችሁን የምታገኙት ካርዱን ስትዘጉ ነው። ሌላ በር ከተዘጋ ለአንድ ዓመት መሸጋገሪያ ይሆናል። ከዚያ በላይ አትቆዩበት።

ያለ ዲፖዚት፣ በክፍያ የተሞላው ካርድ

የእህታችን የመጀመሪያው ፖስታ ይህ ነበር። ዲፖዚት ስለማይጠይቅ ያጓጓል። እሷም መጀመሪያ ያነሳችው እሱን ነው። ወረቀቱን ገልብጠን በጥቃቅን ፊደል የተጻፈውን አነበብን። ዓመታዊ ክፍያ 75 ዶላር።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ሊሚቱ 300 ነው። ካርዱ ሲደርስ 75 ዶላሩ ተቆርጦበታል። የሚቀረው 225 ነው። አንድ ዳቦ ሳትገዛበት የሊሚቷን 25 በመቶ ተጠቅማለች ማለት ነው። ያ ለቢሮዎቹ ይሄዳል። 75 ዶላሩን በሰዓቱ ካልከፈለች ወለድ ይበቅልበታል።

75 ዶላር እንዲሁ የተመረጠ ቁጥር አይደለም። በ2009 የወጣው የካርድ ሕግ በመጀመሪያው ዓመት የሚቆረጠው ክፍያ ከሊሚቱ 25 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። የ300 ዶላር 25 በመቶ 75 ነው። ሕጉ የፈቀደውን እስከ ጫፉ ነው የወሰዱት። ካርዱ ከመከፈቱ በፊት የሚጠየቅ የማመልከቻ ክፍያ ደግሞ በዚህ ገደብ ውስጥ አይቆጠርም። ስለዚህ እሱን ለብቻው የሚያስከፍሉ አሉ። ገደቡ የአንደኛ ዓመት ብቻ ስለሆነም ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየወሩ የሚቆርጡ አሉ።

ዲፖዚት ይመለሳል፤ ክፍያ አይመለስም። በሁለት ዓመት 150 ዶላርና ከዚያ በላይ ለእነሱ ከመስጠት 200 ዶላር አስይዞ መልሶ መውሰድ ይሻላል። 200 ዶላሩ ዛሬ ከሌለ ደግሞ ሦስት ወር ጠብቆ ማጠራቀም ይሻላል። በዚህ ጉዳይ አላመነታም፤ አትውሰዱት።

የመደብር ካርድ

በቀላሉ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ዓመታዊ ክፍያም የለውም። ግን ወለዱ 30 በመቶ ገደማና ከዚያ በላይ ነው። ብዙዎቹ የሚሠሩት እዚያው መደብር ብቻ ነው። ካርዱ ያላሰባችሁትን ሶፋ ያስገዛችኋል። «12 ወር ያለ ወለድ» የሚለውን በተለይ ተጠንቀቁ። በአንዳንዱ ውል 12ኛው ወር ላይ ትንሽ ዕዳ ከቀረ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የተጠራቀመው ወለድ በአንዴ ይመጣል።

በቤተሰብ ካርድ ላይ ስም ማስገባት

ባለቤታችሁ፣ እህታችሁ ወይም ልጃችሁ ጥሩ ካርድ ካላቸው ስማችሁን ተጨማሪ ተጠቃሚ አድርገው ሊያስገቡ ይችላሉ። ብዙውን ጊዜ የዚያ ካርድ የዓመታት ታሪክ እናንተ ሪፖርት ላይ ይወጣል። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ምርመራ የለውም። ለዕዳውም በሕግ ተጠያቂ አይደላችሁም። ካርዱን በእጃችሁ መያዝ እንኳ አያስፈልግም፤ ለዘመድ ሰላም ሲባል ባትይዙት እመርጣለሁ።

ግን ካርዱ አሮጌ፣ ንጹሕና ባላንሱ ዝቅ ያለ መሆን አለበት። የሞላ ካርድ ላይ ከገባችሁ ጉዳቱም ይገባል። ባንኩ ተጨማሪ ተጠቃሚዎችን ሪፖርት ያደርግ እንደሆነ ባለቤቱ ይጠይቅ። ነገሩ ካልሆነ ስማችሁን ማስወጣት ይቻላል።

ይህን ከኮሳይን ጋር አታምታቱት። በእኛ ዘንድ ሁለቱም «ስም ማዋስ» ይባላሉ። ኮሳይን ያደረገ ሰው ግን ለሙሉው ዕዳ ባለዕዳ ነው። የእህታችንን ቤት ያንኳኳው እሱ ነው።

ከባንክ ሂሳብ ጋር የተያያዙ አዲስ ካርዶችና ክሬዲት የሚገነባ ብድር

በስልክ የሚሠሩ አንዳንድ ኩባንያዎች ሂሳባችሁ ውስጥ ካለው ገንዘብ ላይ መድባችሁ የምትጠቀሙበት ካርድ ያወጣሉ። ክሬዲት አይመረምሩም፣ ወለድም የማያስከፍሉ አሉ። ከገንዘባችሁ በላይ ማውጣት ስለማትችሉ ራስን ለመግዛት ይረዳል። ደመወዛችሁ ወደዚያ ሂሳብ እንዲገባ ይጠይቁ እንደሆነ እዩ።

ክሬዲት የሚገነባው ብድር ካርድ አይደለም። ብድሩ ሂሳብ ውስጥ ተቆልፎ ይቀመጣል፣ እናንተ በየወሩ ትከፍላላችሁ፣ ሲያልቅ ገንዘቡን ትወስዳላችሁ። እቁብ ለሚያውቅ ሰው ዕዳው ገብስ ነው፤ መጨረሻ የሚደርሰው ዕጣ እንደማለት ነው። ልዩነቱ ይህኛው ለቢሮዎቹ ይነገራል። የእኛ እቁብ አይነገርም። አሥር ዓመት አንድ ወር ሳያዛንፍ የጣለ ሰው እንኳ በዚያ ታማኝነቱ አንድ ነጥብ አያገኝም። ሌላ ዕዳ ለሌለበት ሰው ይህ ብድር ጥሩ ነው። ሌላ ዕዳ እየከፈለ ላለ ሰው ግን ተጨማሪ ወርሃዊ ቢል ነው።

በአንድ ላይ ሲታዩ

| አማራጭ | መነሻ ገንዘብ | የዓመት ወጪ | የክሬዲት ምርመራ | መውጫ | የእኔ ፍርድ |
|---|---|---|---|---|---|
| የባንክ ሴኪውርድ | በአብዛኛው 200 ዶላር፣ ያነሰም አለ | ብዙዎቹ 0 | አለ | ብዙዎቹ ላይ አለ | ለብዙ ሰው ጥሩ መነሻ |
| የክሬዲት ዩኒየን ሴኪውርድ | 200 ዶላርና ከዚያ በላይ | ብዙ ጊዜ 0 | አለ፣ ግን የሚያነጋግር ሰው አለ | ጠይቆ | በር ካገኛችሁ ቀዳሚ ምርጫ |
| ምርመራ የሌለው ሴኪውርድ | 200 ዶላር ገደማ | 35 ዶላር ገደማ | የለም | ደካማ | ለተከለከለ ሰው፣ ለዓመት ብቻ |
| ያለ ዲፖዚት፣ ባለ ብዙ ክፍያ | 0 | 75 ዶላርና ከዚያ በላይ | አብዛኛው ላይ አለ | የለም ማለት ይቻላል | ይቅር |
| የመደብር ካርድ | 0 | ብዙ ጊዜ 0 | አለ | የለም | አያስፈልግም |
| በቤተሰብ ካርድ ስም ማስገባት | 0 | 0 | የለም | በማንኛውም ጊዜ መውጣት | ከሌላ ካርድ ጋር ተደርቦ |
| ከሂሳብ ጋር የተያያዘ ካርድ | የራስ ገንዘብ | 0 ወይም ትንሽ | ብዙ ጊዜ የለም | ይለያያል | ካርድ ለሚያስፈራው |
| ክሬዲት የሚገነባ ብድር | ወርሃዊ ክፍያ | ትንሽ ወለድና ክፍያ | ይለያያል | ሲያልቅ ገንዘቡ ይወሰዳል | ሌላ ዕዳ ለሌለው |

ለየትኛው ሰው የትኛው?

200 ዶላር አላችሁ፣ ሥራ አላችሁ፣ ችግሩ ያለፈ የክፍያ መዘግየት ነው። የክሬዲት ዩኒየን ወይም ክፍያ የሌለው የባንክ ሴኪውርድ ካርድ ውሰዱ። አንድ ብቻ። ከዘመድ ጥሩ ካርድ ካለ ስማችሁን እዚያም አስገቡ።

እጃችሁ ላይ ምንም የለም። ስም ማስገባቱን አስቀድሙ። ጎን ለጎን በሳምንት 15 ዶላር ብታስቀምጡ በ14 ሳምንት 210 ዶላር ይሆናል።

ኡበር ወይም ሊፍት ትነዳላችሁ፣ ገቢያችሁ ሳምንት በሳምንት ይለያያል። የእናንተ አደጋ የክፍያ ቀን መዘንጋት ነው። የክፍያ ቀኑን መምረጥ የሚያስችል ካርድ ፈልጉና ገንዘብ በእርግጠኝነት ከሚኖራችሁ ቀን ጋር አገናኙት።

ባንክረፕሲ አድርጋችኋል። ፍርድ ቤቱ ጉዳዩን እስኪዘጋው ጠብቁ። ከዚያ የክሬዲት ዩኒየን በር አንኳኩ። ካልሆነ ምርመራ የሌለውን ለአንድ ዓመት ያዙ።

አዲስ መጥታችሁ ታሪክ የሌላችሁ ሰዎች ጉዳያችሁ ከተበላሸ ክሬዲት ይለያል። ፋይኮ ስኮር እንዲወጣላችሁ ቢያንስ ስድስት ወር የሞላው አንድ አካውንት ያስፈልጋል። ሶሻል ከሌላችሁ በአይቲን የሚቀበሉ ባንኮችና ክሬዲት ዩኒየኖች አሉ።

አሁን የሞሉ ሁለትና ሦስት ካርዶች ካሏችሁ፣ ሚኒመም (ባንኩ የሚጠይቀውን ዝቅተኛ ክፍያ) ብቻ እየከፈላችሁ ከሆነ፣ ከላይ ካሉት አንዱም የእናንተ አይደለም። መጀመሪያ ባላንሱን አውርዱ። ለትርፍ የማይሠሩ የክሬዲት አማካሪዎች አሉ፤ ወለድ እንዲቀንስላችሁ ከባንኮቹ ጋር ይነጋገራሉ።

ካርዱ ከመጣ በኋላ

ሊሚታችሁ 200 ከሆነ 30 በመቶው 60 ዶላር ነው። ከ30 በታች መቆየት ጥሩ ነው፤ ከ10 በታች ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። አንድ ቀን ገበያ ሄዳችሁ ሥጋና ሽንኩርት በ150 ዶላር ብትገዙ 75 በመቶ ደረሳችሁ። 500 አስይዙ ያልኩት ለዚህ ነው፤ 150 ዶላር ያኔ 30 በመቶ ብቻ ነው።

መፍትሔው ቀኑን ማወቅ ነው። ባንኩ ለቢሮዎቹ የሚልከው አብዛኛውን ጊዜ ስቴትመንት (ወርሃዊው የሂሳብ መግለጫ) በሚወጣበት ቀን ያለውን ባላንስ ነው። ከ150ው 130ውን ስቴትመንት ከመውጣቱ ሁለት ሦስት ቀን በፊት ክፈሉ። 20 ዶላር ይጻፋል፣ ያ 10 በመቶ ነው። የቀረውን በክፍያ ቀኑ ትዘጋላችሁ። አውቶ ፔይን (በራሱ የሚሄደውን ክፍያ) ለሙሉው ስቴትመንት ባላንስ አድርጉት፣ ለሚኒመሙ አይደለም።

አንድ ቀን ብትዘገዩ የቅጣት ገንዘብ ሊጠየቅባችሁ ይችላል። ለቢሮዎቹ የሚነገረው ግን 30 ቀን ሲያልፍ ነው። ስለዚህ ከረሳችሁ ተስፋ አትቁረጡ፤ በዚያው ቀን ክፈሉና ለባንኩ ደውሉ።

በመሃል «ክሬዲት እናስተካክላለን» የሚል ሰው ይመጣል። በሕግ ሥራውን ሳይሠራ አስቀድሞ ገንዘብ መቀበል አይፈቀድለትም። በሶሻላችሁ ፋንታ ሌላ ቁጥር እሰጣችኋለሁ ካለ ወንጀል ውስጥ ሊያስገባችሁ ነው፤ ራቁት።

እህታችን ያን ዕለት ሦስቱንም ፖስታ ቀደደቻቸው። በቀጣዩ ወር እቁብ ደረሳት። ከእሱ 500 ዶላር ወስዳ በምትሠራበት ሆስፒታል ክሬዲት ዩኒየን አስያዘች። ካርዱ ላይ የስልክ ቢሏን ብቻ አደረገች፣ በወር 45 ዶላር። የወንድሟ ልጅም ሥራ አግኝቶ የመኪናውን ውዝፍ ከፈለ። በ13ኛው ወር ቅርንጫፉ ሄዳ ጠየቀች፣ ዲፖዚቷ ተመለሰ። ስኮሯ 660ዎቹ ውስጥ ነበር።

የዚያን ዕለት ደውላ «አሁን ልዝጋው?» አለችኝ። እንዳትዘጊው አልኳት። በሚቀጥለው ዓመት በኤፍኤችኤ (የፌዴራል መንግሥት ዋስትና ባለው) ብድር ቤት መግዛት ታስባለች። ያ ፕሮግራም ለ3.5 በመቶ ቅድመ ክፍያ ቢያንስ 580 ይጠይቃል፣ ብዙ አበዳሪዎች ግን ከዚያ ከፍ ያለ ይፈልጋሉ። እስከዚያ ድረስ አዲስ ካርድ አትሞላም። የስልክ ቢሉ አሁንም በዚያው ካርድ ይከፈላል።